የወር አበባ ሲዛባ ምክንያቱን መፈለግ፦ ምግብን፣ ጭንቀትንና የዕለት ልማድን የመከታተያ መመሪያ

በምሥራቅም ሆነ በምዕራብ ጎጃም ከማገኛቸው እኅቶች ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ነፍሰ ጡር አይደለሁም፤ የወር አበባዬ ግን ዘገየብኝ፤ ምን ሆኜ ነው?» የሚል። ጠያቂዋ አንዳንድ ጊዜ ለፈተና የምትዘጋጅ ተማሪ ናት፤ አንዳንድ ጊዜ ጾም ላይ ያለች የቤት እመቤት፣ አንዳንድ ጊዜም ከአጨዳ የተመለሰች ገበሬ ናት። ለሁሉም የምሰጠው መልስ ተመሳሳይ ስለሆነ ደረጃ በደረጃ ጽፌ አቅርቤዋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ መያዝ ያለበት ነገር አለ። የወር አበባ የሚመጣው እንቁላል ከኦቫሪ (እንቁላል ከሚያፈራው የሴት አካል) ከወጣ ከ14 ቀን ገደማ በኋላ ነው። ይህ የኋለኛው ጊዜ ከወር ወር ብዙም አይለዋወጥም፤ የሚረዝመውና የሚያጥረው እንቁላሉ እስኪወጣ ያለው የፊተኛው ጊዜ ነው። ረኀብ፣ ድካም፣ ሕመም ወይም ሥጋት የእንቁላሉን መውጣት ካዘገየው የወር አበባውም በዚያው ልክ ይዘገያል። ስለዚህ የመዘግየቱ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ደሙ በሚጠበቅበት ሳምንት ሳይሆን ከዚያ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ያን ያህል ወደ ኋላ ተመልሶ ምን ተበላ፣ ስንት ሰዓት ተተኛ ብሎ በቃል ማስታወስ አይቻልም፤ የመመሪያው ዋና መሣሪያ ደብተር የሆነውም ለዚህ ነው።

የዑደት ርዝመት የሚባለው አንድ የወር አበባ ከጀመረበት የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ የሚቀጥለው እስከሚጀምርበት ቀን ያለው ጊዜ ነው። ለአዋቂ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀን ያለው ርዝመት እንደ ጤነኛ ይቆጠራል። የወር አበባ ካዩ ሁለት ሦስት ዓመት ያልሞላቸው ልጃገረዶች ዑደታቸው እስከ 45 ቀን ቢረዝም ብዙ ጊዜ የሚያሠጋ አይደለም፤ ሥርዓቱ ገና እየተደላደለ ነውና። ደሙ ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ሊቆይ ይችላል። ሁልጊዜ በ28ኛው ቀን መምጣት ግዴታው አይደለም፤ ከወር ወር የጥቂት ቀናት ልዩነት መኖሩም በሽታ አይደለም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ መመዝገብም ይቻላል፤ ሆኖም ስልኩ በቤተ ሰብ እጅ የሚዞር ከሆነ ደብተር ይሻላል።
- ጳጉሜን የሚያሳይ የኢትዮጵያ ካሌንደር።
- ከፋርማሲ የሚገዛ የሽንት የእርግዝና መመርመሪያ።
- ሚዛን፤ ሚዛን ከሌለ መቀነት ይበቃል።
- አዮዲን ያለው ጨውና ክዳን ያለው ዕቃ።
- ለሆድ ቁርጠት የሞቀ ውኃ የሚያዝበት ጠርሙስና የሚጠቀለልበት ፎጣ ወይም ነጠላ።

ደረጃ 1፦ እርግዝና አለመኖሩን በምርመራ አረጋግጪ

ከወንድ ጋር ግንኙነት ከነበረ፣ የወር አበባሽ አንድ ሳምንት እንኳ ቢዘገይ ሌላ ምክንያት ከመፈለግሽ በፊት ምርመራውን አድርጊ። ጠዋት የመጀመሪያውን ሽንት መጠቀም ይመረጣል፤ ሌሊቱን ሲጠራቀም ስላደረ በውስጡ ያለው የእርግዝና ሆርሞን ጎላ ብሎ ይታያል። ውጤቱ «የለም» ካለና ደሙ ካልመጣ ከሳምንት በኋላ ድገሚው። ዑደትሽ ድሮም የተዛባ ከሆነና መቼ እንደሚጠበቅ የማታውቂ ከሆነ፣ ከመጨረሻው ግንኙነት 3 ሳምንት ካለፈ በኋላ የሚደረግ ምርመራ አስተማማኝ ነው።

ይህ ደረጃ መጀመሪያ የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። እርግዝና መኖሩን ሳያውቁ ደሙን ለማስመጣት ተብሎ የሚጠጣ ነገር ሁሉ አደገኛ ነው። ከዚህም ሌላ በአንድ ጎን የሚሰማ ብርቱ የታችኛው ሆድ ሕመም፣ ደም መፍሰስና ማዞር ከማሕፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ምልክት ሊሆን ስለሚችል ለነገ የማይባል የድንገተኛ ሕክምና ጉዳይ ነው።

ደረጃ 2፦ የምትወስጅውን መድኃኒትና ያለሽበትን ሁኔታ ጻፊ

በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ባለፉት ስድስት ወራት የወሰድሽውን ሁሉ አስፍሪ። በየሦስት ወሩ የሚሰጠው የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ የወር አበባን ሊያጠፋ ወይም ያለ ቀኑ ሊያንጠባጥብ ይችላል፤ ካቆሙት በኋላም ዑደቱ እስኪመለስ ወራት ይወስዳል። በክንድ የሚቀበረውም ደሙን ያዛባል። ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያ፣ ማለትም ፖስትፒል የሚባለው፣ የሚቀጥለውን የወር አበባ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሊገፋው ይችላል። ለሠርግ ወይም ለበዓል ተብሎ ደሙን ለማዘግየት የተዋጠ እንክብልም ካለ እዚሁ ይጻፍ።

ጡት የምታጠቢ ከሆነ የወር አበባው መቅረት የሚጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ ከወሊድ በኋላ የመጀመሪያው እንቁላል የመጀመሪያው ደም ከመታየቱ በፊት ሊወጣ ስለሚችል «ገና አላየሁም» ማለት «አላረግዝም» ማለት አይደለም። ዕድሜሽ 40ን ያለፈ ከሆነ መዛባቱ የማረጥ መቃረቢያ ሊሆን ይችላል።

ከእነዚህ አንዱ ካለ፣ ምግብሽንና እንቅልፍሽን ብታስተካክዪም ዑደቱ ላይስተካከል ስለሚችል መጀመሪያ መርፌውን ወይም እንክብሉን የሰጠሽን ባለሙያ አነጋግሪ።

ደረጃ 3፦ አቆጣጠሩን በትክክል ጀምሪ

የመጀመሪያው ቀን የሚባለው ሞዴስ ወይም ጨርቅ የሚያስፈልገው ቀይ ደም የታየበት ቀን ነው። ከዚያ በፊት የታየ ቡናማ ጠብታ ለብቻው ይጻፋል እንጂ መጀመሪያ ተብሎ አይቆጠርም።

የእኛ ወር ሁሌም 30 ቀን ስለሆነ አቆጣጠሩ ቀላል ነው። ዑደትሽ 28 ቀን ከሆነ የወር አበባሽ በየወሩ ሁለት ቀን ቀድሞ ይመጣል፤ 32 ቀን ከሆነ ሁለት ቀን ዘግይቶ ይመጣል። «ባለፈው ወር በ12፣ በዚህ ወር ግን በ10 መጣ፤ ተዛባብኝ» የምትል እኅት ዑደቷ ምንም አልተዛባም፤ የ28 ቀን ዑደት አላት ማለት ነው።

ችግር የሚፈጥረው ጳጉሜ ነው። የወር አበባሽ ነሐሴ 10 ጀምሮ ቀጣዩ መስከረም 3 ቢመጣ፣ ጳጉሜን ዘልለሽ ስትቆጥሪ 23 ቀን ይሆንብሻል። ጳጉሜ 5 በሆነበት ዓመት ትክክለኛው ቁጥር 28 ነው፤ 6 በሆነበት ዓመት ደግሞ 29። በመስከረም ወር «ቶሎ መጣብኝ» ብለው የሚጨነቁ ብዙዎች ናቸውና ካሌንደሩን አይቶ መቁጠር ይገባል።

መጻፍ የማይሆንላቸው እናቶች ቀኑን በወርኃዊ በዓላት ሊይዙት ይችላሉ። «የሚካኤል ለት ጀመረኝ፣ ቀጥሎ በአቦ መጣ» ካሉ፣ ከ12 እስከ ቀጣዩ ወር 5 ያለው 23 ቀን ስለሆነ ለባለሙያ በቂ መረጃ ነው። ልጅ ወይም ጎረቤት ሲገኝ ወደ ደብተሩ ይገለበጥ።

ደረጃ 4፦ በየማታው አንድ መስመር ጻፊ

ከመተኛትሽ በፊት አምስት ነገሮችን በአንድ መስመር አስፍሪ፦ ደም ካለ ስንት ሞዴስ እንደተቀየረ፤ ስንት ጊዜ እንደተበላና ጥጋቡ ምን እንደሚመስል፤ ስንት ሰዓት እንደተተኛ፤ የቀኑ ሥራ ቀላል ወይም ከባድ መሆኑን፤ የጭንቀቱን መጠን ከ0 እስከ 3። ሕመም፣ ትኩሳት፣ ጉዞ ወይም ሐዘን ካለ ይጨመርበት። አንድ መስመር ይህን ሊመስል ይችላል፦

«ታኅሣሥ 24። ደም የለም። ጾም፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ በላሁ። እንቅልፍ 5 ሰዓት። ሥራ ከባድ፣ ውቂያ። ጭንቀት 2።»

ከዚህ የበለጠ ዝርዝር አያስፈልግም። ረጅም መጻፍ የጀመረች ሰው በሳምንቱ ትሰለቻለች፤ ሙሉ ያልሆነ የሦስት ወር መዝገብ ደግሞ ምንም ነገር አያሳይም።

በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በተመሳሳይ ቀንና ሰዓት ክብደትሽን ለኪ። ሚዛን ከሌለ መቀነትሽን ወገብሽ ላይ አዙረሽ ጫፉ የሚደርስበትን ቦታ በክር ምልክት አድርጊበት። ጫፉ በየሳምንቱ ምልክቱን እያለፈ የሚሄድ ከሆነ ከሥተሻል፤ የማይደርስ ከሆነ ወፍረሻል። ፈጣን የክብደት ለውጥ፣ ወደ ታችም ይሁን ወደ ላይ፣ ከመዛባት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ስለሆነ ይህን አትዝለዪው።

ደረጃ 5፦ ከመጣበት ቀን 14 ቀን ወደ ኋላ ቁጠሪ

ዑደቷ ዘወትር 29 ቀን የሆነ አንዲት ሴት ታኅሣሥ 8 አይታ ቀጣዩ ጥር 19 መጣ እንበል። ርዝመቱ 41 ቀን ነው፤ 12 ቀን ዘግይቷል። መጠበቅ የነበረበት ጥር 7 ስለነበር እንቁላሉ በተለመደው ጊዜ ቢሆን ኖሮ ታኅሣሥ 23 ገደማ ይወጣ ነበር። በእርግጥ የወጣው ግን ከጥር 19 አሥራ አራት ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር፣ ጥር 5 ገደማ ነው። እንግዲህ መመርመር ያለበት ከታኅሣሥ 8 እስከ ጥር 5 ያለው ገጽ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የነቢያት ጾም አለ፤ የጤፍ አጨዳና ውቂያ አለ፤ አውድማ ለመጠበቅ የታደረበት ሌሊት አለ፤ ምናልባትም ወባ ይዟት ነበር። በጥር 12 የጠጣችው ቡና ወይም በጥር 15 ያነሣችው ከባድ ሸክም ምክንያቱ ሊሆን አይችልም፤ እንቁላሉ ቀድሞ ወጥቷልና።

ይህን ስሌት በደብተርሽ ለእያንዳንዱ የዘገየ ዑደት ሥሪ። በሁለት ወይም በሦስት ዑደት አንድ ዓይነት ነገር ከተደጋገመ ምክንያቱን አግኝተሻል ለማለት ትቀርቢያለሽ። ምንም ካልተደጋገመ ይህም መረጃ ነው፤ ነገሩ ከልማድ ይልቅ የሆርሞን ወይም የሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ተቋም መሄድን ያስገድዳል።

ደረጃ 6፦ ምግቡን አስተካክዪ

የወር አበባን የሚያዘው ትእዛዝ የሚነሣው ከአንጎል ነው። ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ፒቱታሪ ዕጢን፣ ፒቱታሪም ኦቫሪን ያዛል። ሰውነት የሚገባለት ምግብ ለሥራው ከሚያወጣው ጉልበት ሲያንስ፣ እርግዝናን ለመሸከም አቅም እንደሌለው ቆጥሮ ይህን ትእዛዝ ያቀዘቅዘዋል። እንቁላሉ ይዘገያል፤ ጉድለቱ ከቀጠለም ጭራሹን አይወጣም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ዓይነት ምግብ?» ሳይሆን «በቂ ነው ወይ?» የሚል ነው። ከባድ ሥራ የምትሠሪ ከሆነ በቂ የሚባለውም ከሌላው ይበልጣል።

ጾምን በተመለከተ ብዙ ስለምጠየቅ ሰፋ አድርጌ እገልጸዋለሁ። ሥጋና ወተት መተው በራሱ የወር አበባን አያስቀርም። የሚያስቀረው በ55 ቀን የዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ፣ ከዚያም በእንጀራና በጥቂት ሽሮ አንድ ጊዜ ብቻ ተበልቶ፣ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ሲውል ነው። የምትጾሚ ከሆነ ከጾሙ ፍቺ ሰዓት በኋላ እስክትተኚ ሁለት ጊዜ ብዪ። በመጀመሪያው እንጀራ ከምስር፣ ከባቄላ ወይም ከሽምብራ ወጥ ጋር፣ ጎመንም ተጨምሮበት ይሁን። በሁለተኛው ቆሎ ወይም ዳቦ ከኑግ፣ ከሰሊጥ ወይም ከተልባ ጋር ይሁን። የቅባት እህሎቹ ትንሽ ተበልተው ብዙ ጉልበት ስለሚሰጡ ሆድ ሳይጨናነቅ ጉድለቱን ይሞላሉ። በእኛ አገር ግብጦም አለ፤ ጥሩ የፕሮቲን ምንጭ ነው። ነገር ግን ተቆልቶ፣ ለብዙ ቀን ውኃው እየተለወጠ ተዘፍዝፎ ምሬቱ ፈጽሞ ካልወጣ መብላት አይገባም፤ መራራው ንጥረ ነገር መርዛማ ነው። የወር አበባሽ በየጾሙ የሚቀር ከሆነና ከሥተሽ ከሆነ፣ ሰዓቱን ስለ ማሳጠር የንስሐ አባትሽን አማክሪ።

ሁለተኛው ጉዳይ ብረት ነው። ከ19 እስከ 50 ዓመት ያለች ሴት በቀን 18 ሚሊ ግራም ብረት ያስፈልጋታል፤ ይህ ከወንዱ ከእጥፍ በላይ ነው፤ በየወሩ ከደም ጋር ይወጣልና። የብረት ማነስ የደም ማነስን፣ ድካምንና የልብ መምታትን ያመጣል። ጤፍም ጥራጥሬም ብረት አላቸው፤ ችግሩ ሰውነት ከእህል ውስጥ የሚያገኘው ከፊሉን ብቻ መሆኑ ነው። ሦስት ነገር አድርጊ፦

- እንጀራው በደንብ በቦካ ሊጥ ይጋገር፤ መቡካቱ ብረቱን አስሮ የሚይዘውን ንጥረ ነገር ይቀንሳል።
- ከወጡ ጋር ጥሬ ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ፣ ከምግቡም በኋላ ብርቱካን፣ ማንጎ ወይም ዘይቱን ይኑር፤ በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ሲ ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል።
- ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በላይ አይጠጡ፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይለፍ።

የመጨረሻው ለጎጃም ቤት ከባድ ምክር መሆኑን አውቃለሁ። ማዕድ ተነሥቶ ረከቦት ሲቀርብ አቦሉን እምቢ ማለት ለእንግዳም ለባለቤትም አይመችም። መፍትሔው ቡናውን ማስቀረት ሳይሆን ሰዓቱን ማዞር ነው፤ ቡናው ከምሳ አንድ ሰዓት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይፈላ።

ሦስተኛው አዮዲን ነው። ደጋማው አካባቢያችን እንቅርት የሚታይበት አገር ነው። አዮዲን ሲያንስ የታይሮይድ ዕጢ ሥራው ይዛባል፤ የታይሮይድ መዛባት ደግሞ ደሙን ያበዛል ወይም ዑደቱን ያራዝማል። አዮዲን ያለውን ጨው ግዢ፤ በተከደነ ዕቃ ከምድጃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቀሽ አስቀምጪ፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሪው። ሲንተከተክ የቆየ ጨው ከአዮዲኑ ከፊሉን ያጣል።

ክብደቷ የጨመረባት ሴት ምክሯ የተለየ ነው። የሰውነት ስብ ራሱ ኤስትሮጅን ሆርሞን ያመርታል፤ የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው የኢንሱሊን ሆርሞን መብዛትም የእንቁላሉን መውጣት ያደናቅፋል። በተለይ አገጭ ላይ ጠጉር፣ ብዙ ብጉርና ረጅም ዑደት አብረው ከታዩ ፒሲኦኤስ የሚባለው የሆርሞን መዛባት ሊሆን ስለሚችል በሐኪም መታየት ይገባል። ከክብደቷ ከመቶ አምስት እስከ አሥር እጅ የቀነሰች ሴት ብዙ ጊዜ ዑደቷ ይመለስላታል። አመጋገቧን ስታስተካክል ለስላሳና ስኳር የበዛበትን ሻይ ትቀንስ እንጂ ምሳ አትዝለል፤ በረኀብ የሚመጣ ፈጣን ክሳት ራሱ ዑደቱን ያቋርጠዋል።

ደረጃ 7፦ እንቅልፍንና ጭንቀትን አብረሽ ያዢ

ጭንቀት ሲበዛ ኮርቲዞል የሚባለው ሆርሞን ይጨምራል፤ ከአንጎል ወደ ኦቫሪ የሚሄደውም ትእዛዝ ይዳከማል። ስለዚህ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሄደች ተማሪ፣ ሐዘን የደረሰባት፣ ከቀዬዋ የተፈናቀለች ወይም የተኩስ ድምፅ እየሰማች የምታድር ሴት የወር አበባዋ ቢቀር የሚያስገርም አይደለም፤ ጥፋትም የለባትም። አሁን ባለንበት የሥጋት ጊዜ «አትጨነቂ» ብሎ መምከር ዋጋ የለውም። ሊደረግ የሚችለው ሰውነት የሚያርፍበትን ጊዜ ማብዛት ነው።

ለአዋቂ ከ7 እስከ 9 ሰዓት፣ ለወጣት ልጃገረድ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል። የመተኛና የመነሣ ሰዓትሽ በየቀኑ ተመሳሳይ ይሁን። ከከሰዓት በኋላ ቡና አቁሚ። ፈተና ያለብሽ ከሆነ ሌሊት እየነቁ ከማጥናት ጎሕ ሲቀድ መነሣት ይሻላል፤ ቁርስም አትዝለዪ፤ በፈተና ሰሞን የሚቀረው የወር አበባ ብዙ ጊዜ ከጭንቀቱ ጋር የረኀብም ውጤት ነውና። ጫት የምግብ ፍላጎትንም እንቅልፍንም ስለሚወስድ ሁለቱንም ምክንያቶች በአንድ ጊዜ ያመጣል። ሲጋራና መጠጥም መወገድ ያለባቸው ናቸው።

ማታ ለአሥር ደቂቃ ጋደም ብለሽ አራት እየቆጠርሽ በአፍንጫ አስገቢ፣ ስድስት እየቆጠርሽ ቀስ ብለሽ አስወጪ። ረዘም ያለ ወደ ውጭ መተንፈስ የልብን ምት ያረጋጋል። ያስጨነቀሽን ነገር ለምታምኛት ሰው ንገሪ። መደፈር ወይም ሌላ ጥቃት ከደረሰ ግን ይህ በትንፋሽ ልምምድ የሚያልፍ ነገር አይደለም፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ውስጥ ወደ ጤና ተቋም መድረስ ኤችአይቪንና ያልተፈለገ እርግዝናን ለመከላከል ያስችላል።

ደረጃ 8፦ እንቅስቃሴውን ከአኗኗርሽ ጋር አመጣጥኚ

ቢሮ ወይም ሱቅ ተቀምጠሽ የምትውዪ ከሆነ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ አድርጊ። ውኃና እንጨት ተሸክመሽ፣ አርመሽና አጭደሽ የምትውዪ ከሆነ ግን ተጨማሪ ስፖርት አያስፈልግሽም፤ የሚያስፈልግሽ ምግብና ዕረፍት ነው። ይህን ልዩነት ሳይረዱ ለሁሉም «ስፖርት ሥሪ» የሚሉ ምክሮች የደከመችውን ይበልጥ ይጎዳሉ።

ደረጃ 9፦ ቁርጠቱን በጊዜው አስታግሺ

ቁርጠቱ የሚመጣው ማሕፀን ፕሮስታግላንዲን በሚባል ንጥረ ነገር ምክንያት ሲኮማተር ነው። ለመታጠቢያ የሚሆን ያህል የሞቀ ውኃ በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልተሽ፣ በፎጣ ጠቅልለሽ እንብርትሽ ሥር ያዢው። የፈላ ውኃ ጠርሙሱን ያቀልጠዋል፤ ቆዳንም ያቃጥላል። ቀለል ያለ መራመድም ይረዳል። ኢቡፕሮፌን የፕሮስታግላንዲኑን መመረት ስለሚቀንስ ቁርጠቱ ሲጀማምር፣ ከምግብ በኋላ 400 ሚሊ ግራም መውሰድ ይቻላል፤ በቀን ከሦስት ጊዜ፣ በተከታታይም ከሦስት ቀን አይለፍ። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ወይም አስም ካለብሽ፣ ወይም እርግዝና ከተጠረጠረ አትውሰጂው።

ደረጃ 10፦ ለውጡን ለሦስት ዑደት ጠብቂ

ከደብተርሽ ያገኘሽውን ዋና ምክንያት መርጠሽ እሱን አስተካክዪና ሦስት ዑደት ጠብቂ። ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ «አልሠራም» ብሎ መተው የተለመደ ስሕተት ነው፤ ዛሬ የጀመርሽው ምግብ የሚያግዘው ቀጥሎ የሚወጣውን እንቁላል ስለሆነ ውጤቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው። በምግብ እጥረት ለወራት የቀረ የወር አበባ ለመመለስም ወራት ሊወስድበት ይችላል። ይህ ማለት ግን ከታች የተዘረዘሩት ምልክቶች እያሉ ሦስት ዑደት ይጠበቅ ማለት አይደለም።

ማስጠንቀቂያ

ደሙን ለማስመጣት ተብሎ ጤና አዳም አፍልቶ መጠጣት አደገኛ ነው። በቡና ላይ ጣል የሚደረገው ቅጠል ሌላ ነው፤ ተጨምቆ ወይም ተፈልቶ በብዛት ሲጠጣ ግን ጉበትንና ኩላሊትን ሊጎዳ፣ ነፍሰ ጡርንም ብርቱ ደም መፍሰስ ላይ ሊጥል ይችላል። ኮሶም እንዲሁ መርዛማ ነው።

ይህን ደብተር እርግዝናን ለመከላከል አትጠቀሚበት። ዑደቷ የሚዛባ ሴት እንቁላሏ የሚወጣበትን ቀን ቀድማ ልታውቅ አትችልም፤ የወንድ ዘርም በማሕፀን ውስጥ እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ይችላል። የ14 ቀኑ ስሌት የሚያገለግለው ያለፈውን ለመመርመር ብቻ ነው።

የተለመዱ ስሕተቶች

አንዳንዶች ዑደቱን ደሙ ከቆመበት ቀን ስለሚቆጥሩ ዑደታቸው አምስትና ስድስት ቀን አጥሮ ይታያቸዋል። ሌሎች ደም በሚፈስባቸው ቀናት ብቻ ይጽፉና ቀሪውን ወር ባዶ ይተዉታል፤ ምክንያቱ የሚገኘው ግን በባዶው ገጽ ላይ ነው። ምግብን፣ እንቅልፍንና መድኃኒትን በአንድ ሳምንት ለውጠው የትኛው እንደረዳቸው ማወቅ የሚቸግራቸውም አሉ። ቀዝቃዛ ውኃ መጠጣት ወይም ገላን መታጠብ ደሙን ያስቀረዋል የሚባለው እውነት አይደለም፤ መታጠብ ተገቢ ነው፤ በጨርቅ የምትጠቀሚ ከሆነም ጨርቁ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይድረቅ።

ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች

- እርግዝናና ጡት ማጥባት ሳይኖር የወር አበባ ለሦስት ወር ሲቀር፤ ወይም 15 ዓመት ሞልቶ ገና ካልታየ።
- ዑደቱ በተደጋጋሚ ከ21 ቀን ሲያንስ፤ ወይም ለአዋቂ ከ35፣ ለልጃገረድ ከ45 ቀን ሲበልጥ።
- ደሙ ከሰባት ቀን ሲያልፍ፣ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ሞዴስ መቀየር ሲያስፈልግ፣ ወይም ትልልቅ የረጋ ደም ሲወጣ።
- በሁለት የወር አበባ መካከል፣ ከግንኙነት በኋላ፣ ወይም ካረጡ በኋላ ደም ሲታይ።
- ሕመሙ ከሥራና ከትምህርት የሚያስቀር ሲሆን፤ ወይም ትኩሳትና መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ሲኖር።
- ነፍሰ ጡር ሳትሆኚና ሳታጠቢ ከጡትሽ ወተት ሲወጣ፣ ወይም አንገትሽ ላይ እብጠት ሲታይ።

ብዙ ደም እየፈሰሰሽ የሚያዞርሽ ወይም ራስሽን የምትስቺ ከሆነ ሳትዘገዪ፣ ሰው አስከትለሽ፣ ቀርቦ ወደሚገኝ ሆስፒታል ሂጂ። ድንገተኛ ላልሆነው የቀበሌሽ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ጤና ጣቢያው መነሻ ይሆናል፤ ከፍ ያለ ምርመራ ሲያስፈልግ በባሕር ዳር ወደ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን፣ በደብረ ማርቆስም ወደ ከተማው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍልሻል።

ስትሄጂ ደብተሩን ያዢ። ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቅሽ የመጨረሻው የወር አበባሽ የጀመረበትን ቀን ነው። ቀጥሎ ያለፉትን ሦስት ዑደቶች ርዝመት፣ በከፍተኛው ቀን የተቀየረውን የሞዴስ ብዛት፣ የክብደት ለውጡንና የምትወስጅውን መድኃኒት ይጠይቅሻል። እነዚህን በአንድ ገጽ ጠቅልለሽ ከደብተሩ ፊት ጻፊያቸው፤ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ወይም የአልትራሳውንድ ምርመራ እንደሚያስፈልግ የሚወሰነው በዚሁ መረጃ ላይ ተመሥርቶ ነው።